ሃያ ሦስት የፈረንሳይ ካሴት ይዤ አትላንታ

አትላንታ የቆየሁት ስድስት ቀን ነው። ጅቡቲ ሱቄ በር ላይ የሚሰበሰቡት ወዳጆቼ ግን ስድስት ዓመት ኖሬ የመጣሁ ይመስል «አሜሪካ እንዴት ናት?» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ ጉሮሮዬን ከማደርቅ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ሕንፃ ማየት የፈለገ ፖስትካርድ ይግዛ። እኔ የሄድኩት በፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጉዳይ ነው፤ የምጽፈውም እሱኑ ነው።

ድሬዳዋ ምድር ባቡር አጠገብ ነው የተወለድኩት። ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከባቡር ሠራተኞች ስድብ ነው፤ ሰዋስው የመጣው ኋላ ነው። ጅቡቲ የአማርኛውንም የፈረንጁንም ካሴት መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ዘፋኝ የምመዝንበት የራሴ ሚዛን አለኝ። ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል፤ ቴፑን በባትሪ እናደርገዋለን። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ መጎተት ይጀምራል። ማንነቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከፈረንሳዮቹ አብዛኞቹ ባትሪ ሲደክም ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ይሆናሉ። ጥቂቶቹ ግን ዝግ ብሎ የሚያወራ ሰው ይሆናሉ እንጂ ሰውነታቸው አይጠፋም። እነሱ ይሰማሉ። የቀሩትን ለወታደርና አዲስ ፍቅር ለያዘው እሸጣለሁ።

ተሾመ ይህን ያውቃል። ከአዲስ አበባ በእግሩ ወጥቶ ጅቡቲ የገባ ስደተኛ ነበር፤ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ስምንት ወር ሱቄ ጓዳ ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። አሁን አትላንታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ግርማ ወንድሜ፣ ላገባ ነው። ሽማግሌ ሆነህ ትቆምልኛለህ። ስትመጣ የፈረንሳይ ሙዚቀኞችን ካሴት ይዘህልኝ ና፤ ያለሱ እንዳትመጣ። ጥሩ ጥሩውን ምረጥ። የሚሰሙት ሰው ሙዚቃ የሚያውቁ ናቸው፤ ነገሬ ሁሉ የተንጠለጠለው በሱ ላይ ነው።»

ሰው በካሴት ሚስት ያገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቢሆንም ሥራዬ ነውና መረጥኩ።

ሰኞ

ሃያ ሦስት ካሴት በጫማ ካርቶን ሞልቼ፣ በገመድ አስሬ፣ ከአንዲት ትንሽ ሻንጣ ጋር ጅቡቲ አየር ማረፊያ ደረስኩ። ሙቀቱ አውሮፕላኑንም አላስነሳ ብሎት ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። አጠገቤ ዕረፍቱን ሊያሳልፍ ወደ አገሩ የሚሄድ የፈረንሳይ ወታደር ተቀምጧል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ራሱን ይነቀንቃል።

«ምንድን ነው የምትሰማው?» አልኩት በቋንቋው።

ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠኝ። አሜሪካዊ ነው፤ ከበሮው የበር መዝጊያ ድብደባ ይመስላል።

«የአገርህን አትሰማም?»

«እሱን እናቴ ትሰማለች» አለኝ።

ጫማ ካርቶኑን እግሬ ሥር ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ሃያ ሦስት የእናቱን ዘፋኞች ይዤ አሜሪካ እየሄድኩ መሆኔን ለምን ይወቅ?

ማክሰኞ

ፓሪስ የቆየሁት አየር ማረፊያው ውስጥ ነው፤ አምስት ሰዓት። ቁርስ ዳቦና ሻይ። ዳቦው ያው የጅቡቲው ነው፤ የኛ ጋጋሪ ግን ሲሸጥልህ ሰላም ይልሃል።

ካሴት የሚሸጥበት አገኘሁና ሙያዬ አላስቀምጥ አለኝ፤ ገባሁ። ሻጯ ወጣት ናት። ኦዴት ማርሎን ጠየቅኳት። ኦዴት አኮርዲዮን የምትጫወት፣ ድምጿ ሥጋ ሻጩ አጥንት አብዝቶ የመዘነላት ሴት የሚመስል ዘፋኝ ናት። ለኔ ከፈረንሳይ ሁሉ አንደኛዋ እሷ ናት። ባትሪ ቢደክም ጭቅጭቁ ይረዝማል እንጂ አይበርድም።

«ማናት?» አለች ልጅቷ።

«የአገርሽ ሰው ናት።»

ጓደኛዋን ጠራች፤ ጓደኛዋም አላወቀቻትም። በመጨረሻ መደርደሪያው ግርጌ፣ የሕፃናት መዝሙር ሥር አንድ አቧራ የጠጣ አገኙልኝ። እኔ ጅቡቲ የተስተካከለ መደርደሪያ ሠርቼላት፣ እነሱ ከሕፃናት መዝሙር ሥር! ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች ስለ ባህላቸው ሲኮሩ ስሰማ ጆሮዬን እከካለሁ።

አትላንታ የደረስኩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ወደኋላ ስለሚሄድ ቀኑ አልቆ ድጋሚ የጀመረ ይመስላል። አየር ማረፊያው ከመሬት በታች ባቡር አለው። ነጂ የለውም፤ ጉንፋን የያዘው የሚመስል የማሽን ድምፅ «ከበሩ ራቁ» እያለ ያዛል። ድሬዳዋ ቢሆን ለዚህ ድምፅ መልስ የሚሰጥ አይጠፋም ነበር። እዚህ ሁሉም እሺ ብሎ ራቀ።

ጉምሩክ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ካርቶኑን አስፈታኝ።

«ምንድን ናቸው?»

«የፈረንሳይ ሙዚቀኞች።» የወደብ እንግሊዝኛዬ ለዚህ ይበቃል።

«ጥሩ ናቸው?»

«ሦስቱ» አልኩት እውነቱን።

ሳቀና አሳለፈኝ። የአሜሪካን መንግሥት በዚህ አደንቃለሁ።

ተሾመ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ወፍሯል፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ከዚያ መኪናው ጠፋን።

«ቢጫ የተቀባው ፎቅ ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት፤ እምልልሃለሁ።»

«ሰው መኪናውን የት እንዳቆመ ይረሳል?»

«እዚህ አገር ያልሆንክ ሰው አይገባህም። ከዳብል ሽፍት ቀጥታ ድራይቭ አድርጌ ነው የመጣሁት!»

ግማሽ ሰዓት ሻንጣ እየጎተትኩ በመኪና መሀል ዞርኩ። ቢጫ አልነበረም፤ ሰማያዊ ነው። ሰው ወደ አሜሪካ ሄዶ ያመጣው እውቀት ይሄ ከሆነ ጓዳዬ ውስጥ ቢቆይ ይሻለው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። ካርቶኑን ተቀብሎ እንደ ሕፃን አቅፎታልና።

መንገድ ላይ ነገሩን አስረዳኝ። ልጅቷ አልማዝ ትባላለች፤ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። አሳድገው እዚህ ድረስ ያመጧት አጎቷ ናቸው፤ ጋሽ መንገሻ። አልማዝ ወዳዋለች፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ግን ጋሽ መንገሻ ሁለቴም «እናያለን» ብለው መልሰውታል።

«ሦስተኛ ሲመልሱኝ አለቀልኝ ማለት ነው» አለ። «እሳቸውን አስቀይማ አትመጣም፤ ነግራኛለች።»

«ካሴቱስ?»

«ባለፈው ስንጫወት የፈረንሳይ ሙዚቀኞችን አነሱ። እንደነሱ የሚጫወት የለም አሉ። እኔም ‹በካሴት አስመጣልዎታለሁ› አልኩ። አየት አደረጉኝና ‹እንግዲያው ካሴቱን ስታመጣ ሽማግሌህን ላክ› አሉኝ። ቃላቸው ነው። ቀጠሮው ለቅዳሜ ነው።»

«አይዞህ» አልኩት። «ይህንን ለኔ ተወው።»

እንዲህ ብዬ በሙሉ ልብ መናገሬን ዛሬ ሳስታውስ ጥርሴን ይቆረጥመኛል።

ረቡዕ

ተሾመ የሚኖረው አትላንታ ዳር ካለች አቮንዴል እስቴትስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ከተማዋ መሀል ያሉት ቤቶች ፊታቸው ላይ ጥቁር ጥቁር እንጨት አጋድመው የእንግሊዝ አገር ቤት መስለው ተሠርተዋል። እንግሊዝ ሄዶ የማያውቅ አናጢ በወሬ የሠራው ይመስላል።

ጠዋት ተሾመ ገና ሳይነጋ ሥራ ገባ። የተወልኝ እንጀራ ያለ እርሾ በራሱ ከሚነፋ የፈረንጅ ዱቄት የተጋገረ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ዐይን የሚባል የሌለው፤ ወጥ ብታፈስበት ይንሳፈፋል። ቢሆንም ከሽፍት መጥቶ ለኔ ብሎ መጋገሩን አሰብኩና ጨረስኩት።

ከዚያ ልናፈስ ብዬ ወጣሁ። እዚህ አገር ሰው በእግሩ የሚሄደው መኪናው ሲበላሽ ብቻ መሆኑን የነገረኝ የለም። የእግረኛ መንገዱ ጀምሮ ጀምሮ ይቋረጣል፤ ከዚያ ሣር ነው፣ ከዚያ ቦይ። መኪናው በጎኔ ሽው ይላል። ጅቡቲ ሃምሳ እርምጃ ብሄድ አሥር ሰው ያስቆመኛል፤ እዚህ አንድ ሰዓት ሄጄ ሰላም ያለኝ አንድ ውሻ ነው፤ እሱም ከአጥር ውስጥ።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ አሮጌ መኪና አጠገቤ ቆመ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት አንገታቸውን አወጡ።

«የተሾመ እንግዳ አይደለህም? ምን ሆነህ ነው?»

«እየተናፈስኩ ነው።»

«በዚህ መንገድ? ግባ፣ ግባ፣ ሰው ይገጭሃል!»

ሚስ ሩቢ ይባላሉ፤ የተሾመ ጎረቤት ናቸው። በር ድረስ መልሰውኝ ሲያበቁ አልለቀቁኝም፤ የበቆሎ ቂጣና በአሳማ አጥንት የተቀቀለ ጎመን አቀረቡልኝ። ጾም ነው አልኳቸው፤ ረቡዕ ነበርና። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ቤታቸው በመግባቱ ደስ ብሏቸው ጎመኑን አንስተው ቂጣውን ጨመሩልኝ። ቂጣውም በቅቤ መሆኑን ያወቅኩት ሁለተኛውን ስጨርስ ነው።

ሐሙስ

ሚስ ሩቢ ቴፕ እንዳላቸው አይቼ ስለነበር ካሴቶቹን ይዤ ሄድኩ። ተሾመ «ለቅዳሜ ናቸው፣ እንዳትነካቸው» ብሎኝ ነበር። የካሴት ነጋዴን ካሴት አትንካ ማለት አይቻልም። ጋሽ መንገሻ ፊት በየትኛው እንደምጀምር መወሰን ነበረብኝ።

ሳሎናቸው ተቀምጠን አንድ በአንድ ሰማን። እሳቸው ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ ስለዚህ ፍርዳቸው ንጹሕ ነው።

መጀመሪያ ጅቡቲ «ሹክሹክታው» የምንለውን አስገባሁ። ዘፈኑን ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚጨርሰው፤ ጎን ያለው ክፍል ሕፃን የተኛ ይመስል። ሴቶች ይገዙታል።

«ይሄ ሰው ታሟል?» አሉ ሚስ ሩቢ።

«ሃብታም ነው።»

«ታዲያ ለምን ጮክ አይልም?»

ቀጥሎ «ተርጓሚውን» አስገባሁ። ይህ የአሜሪካኖችን ዘፈን እየወሰደ ፈረንሳይኛ ቃል የሚያለብስ ነው። ሚስ ሩቢ ሁለት መስመር እንደሰሙ ዜማውን ቀድመውት አንጎራጎሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ልጅ ሆነው የዘመሩት ነው አሉ። አፈርኩ። እሱን ወደ አሜሪካ ይዞ መምጣት የሰውን ኮት አስገልብጦ ለባለቤቱ መልሶ መሸጥ ነው።

ከዚያ የምታለቅሰዋ መጣች። በአንድ ካሴት አሥራ ሁለት ጊዜ ትካዳለች። አንዴ መካድ ያጋጥማል፤ ሁለቴም ዕድል ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ከሆነ ግን ጥፋቱን ወደ ራሷም ማየት ነበረባት። ሚስ ሩቢ ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ።

እንዲህ እያልን ሃያውን ጣልን። የሚሰሙት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ለአንባቢ ልንገር፤ ጉዞዬ በሌላ ባይጠቅም በዚህ ይጥቀም።

አንደኛዋ ኦዴት ናት፤ ተናግሬአለሁ። ሁለተኛው ሬኔ ካልቫስ የሚባል ጊታር መቺ ነው። ስለ ፍቅር አይዘፍንም፤ ስለ ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ አጥሩን እንዴት ወደሱ እንደገፋ፣ ደብዳቤውን እንዴት ከፍቶ እንዳነበበ፣ ሲሞት ደግሞ ሬሳውን እንዴት እሱ ራሱ እንደተሸከመው። ሙዚቃ ሳይሆን የቀበሌ አቤቱታ ይመስላል፤ ግን ሰው አለበት። ሦስተኛዎቹ ከወደብ ከተማ የመጡ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱ ይዘፍናሉ፤ ሦስተኛው ያፏጫል። የሚያፏጨው ከሁለቱ ይበልጣል።

ኦዴት ስትዘፍን ሚስ ሩቢ ከወጥ ቤት ማማሰያ ይዘው ብቅ አሉ።

«እህቴን ትመስላለች» አሉ። «ማንን ነው የምትቆጣው?»

«ሁሉንም።»

«አቤት፣ ትንገራቸው!»

ፍርዱ ተሰጠ አልኩ። ጋሽ መንገሻ ፊት በኦዴት ልጀምር ወሰንኩ።

ዓርብ

ተሾመ በጊዜ ወጣና ሌላኛውን ሽማግሌ፣ አቶ ሀብቴን፣ ለማነጋገር ከከተማው ውጭ ወዳለችው ዱሉዝ ይዞኝ ሄደ። መንገዱ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያስሄዳል፤ ስድስቱም ቆመዋል። ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚወስደው ባቡር እንኳ ሲበላሽ ሰው ወርዶ ሻይ ይጠጣል።

«አላስቻለኝም» አለ ተሾመ። «እስቲ አንዷን ብቻ ልስማ።»

ኦዴትን ሰጠሁት። የመኪናው ቴፕ ዋጣት። አኮርዲዮኑ ጀመረ። ተሾመ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ኦዴት መጨቃጨቅ ጀመረች። ፈገግታው እንዳለ ቆየ፤ ዐይኑ ግን ተለየው።

«ይቺ ማስታወቂያ ናት?»

«የምን ማስታወቂያ? ኦዴት ማርሎ ናት።»

«ክራሩስ?»

«የምን ክራር?»

ወደፊት አሳለፈው። ኦዴት ናት። ገለበጠው። ኦዴት ናት።

«ግርማ፣ የፈረንሳይ ልጆች የታሉ?»

«አቦ ይቺ የማን ልጅ ናት ታዲያ? ፈረንሳዊት አይደለችም?»

መኪናውን ወደ ዳር አወጣው። ከኋላ ያሉት ሁሉ ክላክስ ነፉብን። ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ።

«ፈረንሳይ» አለ። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን። አዲስ አበባ። ሰፈሩ! ጋሽ መንገሻ የፈረንሳይ ሰው ናቸው፤ አልማዝ የፈረንሳይ ልጅ ናት። የሰፈራቸው ሙዚቀኞች!»

አሁን አዲስ አበቤ አንባቢ ይስቃል፤ ይሳቅ። የፈረንሳይ ኤምባሲ ተራራው ሥር ስላለ ሰፈሩ ሁሉ ፈረንሳይ ይባላል፤ ታክሲውም «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ነው የሚጠራው አሉ። እኔ አዲስ አበባን የማውቃት በባቡር ጣቢያዋ ነው። ለድሬዳዋ ሰው ፈረንሳይ ማለት ሐዲዱን የሠራው፣ ክፍያ የሚያዘገየው፣ በስድብ የሚናገረው ነው። ደብዳቤ ስትጽፍ አንዲት «ሰፈር» የምትል ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? እሱ ደግሞ «ተስፈንጥሮ ከጅቡቲ የመጣ ሰው አሜሪካ ድረስ የፈረንጅ ዘፈን አምጣ እባላለሁ ብሎ እንዴት ያስባል?» አለኝ። ክላክሱ እስኪያደነቁረን ተሰዳደብን።

ስንበርድ መፍትሔውን እኔ ሰጠሁ።

«ቀላል ነው። ካሴቱ መጥቶ ነበር፤ አየር ማረፊያ ላይ ጉምሩክ ወሰደው። ማን ይጠይቃል? ጉምሩክ የማይወስደው ነገር የለም።»

ተሾመ ዝም ብሎ መኪናውን አስነሳ። ነጋዴ ዝምታን እሺ ብሎ ነው የሚተረጉመው።

ቅዳሜ

የጋሽ መንገሻ ቤት ታከር በሚባል ሰፈር ነው፤ ዙሪያው ዛፍ፣ ፊት ለፊቱ የመኪና ማቆሚያ። ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት፤ ሦስተኛው ኦቨርታይም ተሰጥቶት ቀረ። አገሩ እንዲህ ነው፤ ሽምግልናም ከሽፍት በኋላ ነው። ሙሽራው ደግሞ ሽምግልና ላይ አይገኝም፤ መኪና ያለው ግን እሱ ብቻ ስለሆነ ራሱ ነድቶ አመጣንና ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። በመስኮት አንገቱ ይታያል።

ጋሽ መንገሻ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው።

«ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አለ አቶ ሀብቴ እንደ ወጉ። ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ በካልሲ ቆምን። የኔ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ በዚያኛው እግሬ ሸፈንኩት።

አቶ ሀብቴ አሳምሮ ተናገረ፤ ዘሩን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን። ጋሽ መንገሻ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ካሴቱስ?»

አቶ ሀብቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ መንገሻ፣ እንደው አይጠይቁኝ» አልኩ። «ከጅቡቲ እዚህ ድረስ በእጄ ይዤው መጥቼ፣ አየር ማረፊያ ላይ ጉምሩክ ወሰደብኝ።»

«እ? ስንት ነበሩ?»

«ሦስት።»

«ምን ተጽፎባቸዋል?»

«የፈረንሳይ ልጆች። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት።» ውሸት ቁጥር ሲኖረው ይጸናል፤ ይህን ከገበያ ነው የተማርኩት።

«ሰምተሃቸዋል እንግዲህ።»

«እንዴታ!»

«ክራር መቺው ግራኝ ነው፣ አይደል?»

«ግራኝ ነው» አልኩ። «እንደሱ ያለ ግራኝ በሕይወቴ አልሰማሁም።»

ጋሽ መንገሻ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ተሳክቷል ብዬ ስተነፍስ በሩ ተንኳኳ። የጫማ ካርቶኑን አቅፎ ተሾመ ገባ። አቶ ሀብቴ «ውይ» አለ።

«ጋሽ መንገሻ፣ መግባት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መኪና ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ጉምሩክ የወሰደው ነገር የለም። እኔ የፈረንሳይ ሙዚቀኞች አምጣልኝ ብዬ ጻፍኩለት፤ እሱም የፈረንሳይ ሙዚቀኞች አመጣ። ይኸው። የዚያኛዋን ፈረንሳይ። የሰፈሩን ካሴት አላገኘሁም። እንዳላመጣሁት እያወቅኩ አምጥቻለሁ ብዬ ልጅዎን አልጠይቅም።»

ጋሽ መንገሻ ካርቶኑን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ግራኙስ?»

«የምን ግራኝ?» አለ ተሾመ።

ምንጣፉን ማየት ጀመርኩ። አውራ ጣቴ ወጥቷል።

«ግራኝ የሚባል አልነበረም» አሉ ጋሽ መንገሻ። «ካሴት የሚባልም አልነበረም። ልጆቹ ሠርግ ላይ ይጫወታሉ፣ ጠጅ ይጠጣሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቀረጻ ቤት እግራቸው ረግጦ አያውቅም።»



«ታዲያ ምን ይዞ እንዲመጣ ነው?» አለ አቶ ሀብቴ።

ጋሽ መንገሻ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ነካኩ። ከገባን ጀምሮ መጀመሪያ ያፈሩት ያን ጊዜ ነው።

«እምቢ ማለት ከበደኝ» አሉ። «ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቱን አላውቅ፣ ሰፈሩን አላውቅ። የሌለ ካሴት ሲፈልግ አንድ ዓመት ይሄድበታል፤ እስከዚያ ወይ እሱ ይተዋል፣ ወይ እሷ። ካሴት ይዞ ቢመጣ ደግሞ አጭበርባሪ ነው ብዬ በሬን እዘጋ ነበር። ጉምሩክ ወሰደው ያለውንማ…» ወደ እኔ ተመለከቱ፤ አልጨረሱትም። እኔም እንዲጨርሱት አልጠየቅኩም።

«ምን አሉ ጋሼ?»

ከወጥ ቤት በር ላይ አልማዝ ቆማለች፤ ፎጣ ትከሻዋ ላይ፣ የሆስፒታል ጫማዋን እንዳደረገች። ስንቱን እንደሰማች አላውቅም፤ ፊቷ ግን ሁሉንም የሰማ ሰው ፊት ነበር።

ጋሽ መንገሻ ዐይኗን ሸሹ። «እስቲ አንዱን ክፈተው» አሉ ተሾመን፤ ማምለጫ ፈልገው ነው። ተሾመ መደርደሪያው ላይ ባለው ቴፕ ኦዴትን አስገባ። ኦዴት ጀመረች። ጋሽ መንገሻ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ከማን ጋር ነው የተጣላችው?»

«ከሥጋ ሻጩ ጋር» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አጉድሎባት ይሆናል። ደግ አድርጋለች» አሉ።

አልማዝ መጥታ ቴፑን ዘጋችው። መጀመሪያ ወደ አጎቷ ዞረች።

«የሌለ ነገር አምጣ ብለው ሰው ያንከራትታሉ ጋሼ? እኔን አይጠይቁኝም?»

ከዚያ ወደ ተሾመ ዞረች።

«አንተስ? ሰፈሬ አይደለም? እነዚያን ልጆች ከነእናታቸው አውቃቸዋለሁ! አምስት ወር ሙሉ ስልክ ስትደውል ስለ መኪናህ ጎማ ነገርከኝ፣ ስለ ሱፐርቫይዘርህ ነገርከኝ፤ አንድ ቀን ‹ካሴት እየፈለግኩ ነው› ትላለህ?»

«ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ…»

«ሰርፕራይዝ! ከጅቡቲ ድረስ ሰው አስመጥተህ! ደግሞ ምን ዓይነቱን ሰው!» አውራ ጣቴን አየችው። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ከማድረግህ በፊት መጀመሪያ እኔን ትጠይቀኛለህ። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ ተሾመ።

«ምን አልክ?»

«መጀመሪያ አንቺን እጠይቃለሁ።»

ጋሽ መንገሻ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ በካልሲያችን ወደቆምነው ወደ እኔና ወደ አቶ ሀብቴ ዞሩ።

«እንግዲህ መልሱን ሰማችሁ» አሉ። «ተቀመጡ።»